ፎቶ የሚያነሳን ሰው ስማችንንም ይጻፍ



ባለፈው ሳምንት በዚህ ገጽ ላይ የተነሳውን ክርክር ሁላችንም አንብበናል። ላልሰማችሁ ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። አንድ ፎቶ አንሺ ወደ አንድ የሽማግሌዎች ሞዓዶን ይመጣል። "የእናቶችን ፊት አንስቼ፣ በትልቁ አሳትሜ፣ ጋለሪ ውስጥ እሰቅላለሁ" ይላል። እንደ ባህላችን ቡና ይፈላለታል፣ ዳቦ ይቆረስለታል። እናቶች ነጠላቸውን አስተካክለው ይቀመጡለታል። ሲጨርስ በዕብራይስጥ የተጻፈ ቶፌስ ያወጣል፤ መጻፍ የሚችሉት ይፈርማሉ፣ የማይችሉት በአውራ ጣታቸው ያትማሉ። አመስግኖ ይሄዳል። ከወራት በኋላ አንዲት የልጅ ልጅ በስልኳ የአያቷን ፊት ታያለች። ከሥሩ የተጻፈው "ኢትዮጵያዊት ሴት፣ ቁጥር 7" ነው።

መልስ የሰጡት ሰዎች ሁለት ቦታ ተከፈሉ። አንዱ ወገን "ምን አለበት? እንግዳ ነው፣ አክብሮን ነው የመጣው፣ ዓለም ይወቀን" አለ። ሌሎቹ፣ በተለይ ወጣቶቹ፣ "ካሜራ የያዘ ሁሉ ከበር ይመለስ" አሉ። እኛ በልጅነታችን መጥተን እዚህ ያደግን፣ ዛሬ በማኅበራዊ ሥራ የምናገለግል ሰዎች ሁለቱንም አንቀበልም። የበለጠ የምንፈራው ግን የመጀመሪያውን ነው። ደግነት የለበሰ ነገር ስለሆነ ማንም ደፍሮ አይከራከረውም።

ከቶፌሱ እንጀምር። የናንተን ደብዳቤ ማንበብ የዕለት ሥራችን ነው፤ የቢቱዋሕ ለኡሚውን፣ የኩፓት ሖሊሙን፣ የባንኩን። እንዲህ ያለ የፎቶ ቶፌስም በየጊዜው እጃችን ይገባል። አብዛኛው የሚለው አንድ ነው፦ ፎቶውን በማንኛውም ቦታ፣ ለማንኛውም ጉዳይ፣ ያለ ጊዜ ገደብ፣ ያለ ክፍያ መጠቀም ይቻላል። ይህንኑ ለአንዲት እናት በአማርኛ ስናነብላቸው፣ "እኔ እኮ አጥቦ የሚሰጠኝ መስሎኝ ነው የተቀመጥኩለት" አሉን።

እኚህ እናት የተናገሩት ቀላል ነገር አይደለም። ጎንደር ከተማ ፎቶ ቤት የገባ ሰው ገንዘቡን ይከፍላል፣ ፀጉሩን ያበጥራል፣ ይነሳል፣ ከዚያ ፎቶውን ይዞ ይወጣል። ፎቶው የተነሺው ነው። አንሺው ባለሙያ ነው እንጂ የፊትህ ባለቤት አይደለም። የዛሬው ተገላቢጦሽ ነው፤ ተነሺው ፊቱን ሰጥቶ ባዶ እጁን ይመለሳል፣ አንሺው ይዞ ይሄዳል። እናቶቻችን የፈረሙት በድሮው ሕግ መስሏቸው ነው።

ይህ የኛ ብቻ ጣጣ አይደለም። የፎቶግራፍን ታሪክ የሚያውቁ ሰዎች ሁሉ የሚያነሷት አንዲት እናት አለች፤ ታሪኳን ብታውቁት ይበጃል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምንጽፈው።) በ1936 አሜሪካ ውስጥ፣ ካሊፎርኒያ፣ ኒፖሞ በሚባል ቦታ አተር ለቃሚዎች ሰፍረው ነበር። ሰብሉን ውርጭ መትቶት ሥራ ጠፍቷል። ዶሮቲያ ላንግ የምትባል፣ ለመንግሥት የምትሠራ ፎቶ አንሺ መኪናዋን አቁማ ወደ አንዲት እናት ቀረበች። እናቲቱ ልጆቿን ይዛ ከድንኳን ሥር ተቀምጣለች፤ ዕድሜዋ 32 ነው። ላንግ ጥቂት ፎቶዎች አንስታ ሄደች። ስሟን አልጠየቀችም።

ያ ፎቶ "ስደተኛዋ እናት" ተባለ። እናንተም ሳታዩት አትቀሩም፦ ሁለት ልጆች ፊታቸውን አዙረው ትከሻዋ ላይ ተደግፈዋል፣ እሷ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ወደ ሩቅ ታያለች። ሙዚየም ገባ፣ በትምህርት ቤት መጽሐፍ ታተመ፣ በ1998 የአሜሪካ ፖስታ ቴምብር ላይ ወጣ። በዚያው ዓመት አንዱ ቅጂ በሐራጅ ከ240 ሺህ ዶላር በላይ ተሸጠ።

ሴትዮዋስ? ፍሎረንስ ኦወንስ ቶምፕሰን ትባላለች። ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ ከሆነው ከቼሮኪ ወገን ነች። ዓለም ስሟን ያወቀው በ1978 ነው፤ አንድ ጋዜጠኛ በመኪና በሚጎተት ቤት ውስጥ ስትኖር ሲያገኛት። 42 ዓመት ሙሉ ፊቷን ሁሉም ያውቀዋል፣ ስሟን ማንም አያውቀውም። ስትጠየቅም ምነው ባላነሳችኝ፣ ስሜን እንኳ አልጠየቀችኝም፣ አንድ ሳንቲም አላገኘሁበትም ብላ ነው የመለሰችው። በ1983 ታማ በተኛች ጊዜ ልጆቿ ለሕክምናዋ የሕዝብ እርዳታ መጠየቅ ነበረባቸው። በዚያው ዓመት ሞተች።

ለላንግም ፍርድ እንስጥ። ፎቶው ጋዜጣ ላይ ሲወጣ መንግሥት ለዚያ ሰፈር ብዙ ምግብ ልኳል፤ ምንም እንኳ ምግቡ ሲደርስ የፍሎረንስ ቤተሰብ ከዚያ ቢነሳም። ላንግም የመንግሥት ተቀጣሪ ስለነበረች ከፎቶው አልበለጸገችም። ክፉ ሰው አልነበረችም። እኛን የሚያሳስበን ይኼው ነው። ክፉ ሰውማ ቢሆን ከበር እንመልሰዋለን፤ ቡና የምናፈላለት ሰው ነው ስማችንን ሳይጠይቅ የሚሄደው።

አይ፣ ይሄ የድሮ ነገር ነው የሚል አይጠፋም። በ1984 መጨረሻ ፓኪስታን ውስጥ በአንድ የአፍጋን ስደተኞች ካምፕ ስቲቭ ማኬሪ የተባለ አሜሪካዊ አንዲት 12 ዓመት ገደማ የሆናት ልጅ አነሳ። ዐይኗ አረንጓዴ ነው። በሰኔ 1985 ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ሽፋን ላይ ወጣች፤ "የአፍጋን ልጃገረድ" ተባለች። ሻርባት ጉላ መባሏ የታወቀው በ2002 ነው፤ በ17 ዓመቱ። በነዚህ ዓመታት ፊቷ ፖስተርና መጽሐፍ ላይ ሲዞር እሷ አግብታ፣ ወልዳ፣ በተራራ መንደር ትኖር ነበር። ከተገኘች በኋላ መጽሔቱ ለአፍጋን ሴት ልጆች ትምህርት ገንዘብ አሰባስቧል፤ እሱን አንክድም። ግን ደግሞ ሌላውን ስሙ። በ2016 ፓኪስታን ውስጥ በሐሰተኛ መታወቂያ ስትያዝ ዜናው ዓለምን ዞረ። እንደሷ ወረቀት የሌላቸው ስንት ሺህ ስደተኞች አሉ! የነሱ ጭንቀት ዜና አይሆንም፤ የሷ ዜና የሆነው ፊቷ የዓለም ንብረት ስለሆነ ነው። በ2021 ጣሊያን ተቀበላት። ጥገኝነት ማግኘቷ ጥሩ ነው። ይሁንና የሕፃንነት ፊቷ ዕድሜዋን ሙሉ አልለቀቃትም።

እዚህ ላይ "ይሄ እኛን ምን አገባን?" የሚሉ ካሉ ወደ ራሳችን እንምጣ። በጥቅምት 1984 የቢቢሲው ማይክል በርክና ኬንያዊው ካሜራማን ሞሐመድ አሚን ኮረም ገብተው ረሀቡን ቀረጹ። ያ ፊልም ዓለምን አንቀሳቀሰ፣ እህል መጣ፣ የብዙ ሰው ነፍስ ተረፈ። የሞሐመድ አሚንን ሥራ የሚያንቋሽሽ ሰው የለም። ነገር ግን ልክ በዚያው ወቅት፣ በኅዳር 1984፣ ዘመቻ ሙሴ ተጀመረ። እኛ ከሱዳን ካምፕ ወጥተን እዚህ አገር ስንገባ ዓለም ስለ ኢትዮጵያ የሚያውቀው ያንን ምስል ብቻ ነበር። ስንቶቻችን ነን ክፍል ውስጥ "እዚያ ምግብ ነበራችሁ ወይ?" እየተባልን ያደግነው? አባቶቻችን ገበሬዎች፣ ብረት ቀጥቃጮች፣ ሸማኔዎች ነበሩ፤ እናቶቻችን ሸክላ ይሠሩ ነበር። ስንት ዓመት ስንናገር ኖርን፤ አንድ ፎቶ ግን ከኛ ምላስ ይበልጣል። ፎቶ ቀልድ አይደለም የምንለው ለዚህ ነው።

በዚያ ረሀብ ጊዜ የካናዳ ቴሌቪዥን ልትሞት ደቂቃዎች ቀርተዋታል የተባለች አንዲት የትግራይ ሕፃን ቀርጾ ነበር። በ1985 በላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ላይ ያ ፊልም ታየ፤ የዓለም ሕዝብ አለቀሰ። ልጅቷ አልሞተችም። ብርሃን ወልዱ ትባላለች፤ በ2005 ለንደን ላይ በላይቭ 8 መድረክ ቆማ ሰላምታ ሰጠች። አብዛኛው ዓለም ስሟን የሰማው ያኔ ነው።

ሌላም አለ። በ1993 ኬቨን ካርተር የተባለ ደቡብ አፍሪካዊ ደቡብ ሱዳን ውስጥ መሬት ላይ የተደፋ ሕፃንና ከኋላው የቆመ አሞራ አነሳ። በ1994 የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ራሱን አጠፋ። ዓለም ለዓመታት "ልጅቷ ምን ሆነች?" ሲል ኖረ። በ2011 የስፔን ጋዜጠኞች ቦታው ድረስ ሄደው ሲጠይቁ ግን ልጁ ወንድ ነበር፣ ከዚያ ረሀብም ተርፎ ነበር። ቤተሰብ ነበረው፣ አባት ነበረው፣ ሰፈሩ ያውቀው ነበር። ወንድ ይሁን ሴት ሳይጠየቅ ነው 18 ዓመት የተለቀሰለት።

"ታዲያ ባይነሱ እርዳታው ይመጣ ነበር ወይ?" የሚለው ጥያቄ እውነተኛ ጥያቄ ነው። አይመጣም ነበር ይሆናል። እኛ ግን ፎቶ አይነሳ አላልንም። ስም መጠየቅ እህሉን አያዘገየውም። ስም ለመጻፍ የሚፈጀው ጊዜ ፊልም ለመቀየር ከሚፈጀው አይበልጥም። ሰው በስሙ ሲጠራ ለተመልካቹ ሌላ ጥያቄ ይመጣበታል፦ እኚህ ሰው ዛሬ የት ናቸው? ከዚያስ ምን ሆኑ? ስም ከሌለ ጥያቄውም የለም፤ ተመልካቹ አዝኖ ገጹን ይገልጣል።

ደግሞም እንዴት እንደሚሠራ ያሳዩ ሰዎች አሉ። "ጥበብ ነው፣ ባለሙያ በሕግ አይታሰርም" ለሚሉን መልሳችን እነሱ ናቸው።

ጂም ጎልድበርግ የተባለ አሜሪካዊ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በርካሽ ሆቴል የሚኖሩ ድሆችንና በትልልቅ ቤት የሚኖሩ ሀብታሞችን ለዓመታት ሲያነሳ ቆየ። ያነሳውን ፎቶ አትሞ መልሶ ለራሳቸው ይሰጣቸዋል፤ እነሱ ከፎቶው ሥር በገዛ እጃቸው የመሰላቸውን ይጽፋሉ። "ሀብታምና ድሃ" ተብሎ በ1985 መጽሐፍ ሆኖ ሲወጣ የድሃውም የሀብታሙም የእጅ ጽሑፍ እንዳለ ታትሟል፣ ከነስሕተቱ። እስቲ አስቡት፣ የናንተ ፎቶ ሥር የናንተ የፊደል ጽሑፍ፣ ወይም መጻፍ ለማይችሉት ልጃቸው ቃላቸውን እየሰማ የጻፈው።

አባቱ ኬንያዊ የሆነው ፋዛል ሼክ ደግሞ በ1990ዎቹ በኬንያ የስደተኛ ካምፖች ሠርቷል። ጋዜጠኞች በአንድ ቀን መጥተው የሚሄዱበት ቦታ እሱ ሰንብቶ፣ ሽማግሌ አስፈቅዶ፣ ሰው ለብሶና ቆሞ እንደሚፈልገው አድርጎ ነው የሚያነሳው። ከፎቶው ሥር የሰውየው ስም፣ የቦታው ስም ይጻፋል። ሽማግሌ ማስፈቀድ! ይሄን እኮ እኛ ማንም ሳያስተምረን እናውቀዋለን። እቤት ለመግባት ደጅ ላይ "ቤቶች!" ይባላል፤ ፊት ውስጥ ለመግባትስ?

አገራችን ውስጥም አለች። አይዳ ሙሉነህ በ1974 የተወለደች፣ በየመን፣ በቆጵሮስና በካናዳ ያደገች ኢትዮጵያዊት ናት። በ2007 ወደ አዲስ አበባ ተመልሳ በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስት የሚባለውን የፎቶግራፍ ፌስቲቫል መሠረተች። በ2018 አንድ የውኃ እርዳታ ድርጅት ስለ ውኃ እጥረት ሥራ ሲሰጣት ውኃ የተሸከሙ ምስኪን ሴቶችን እየዞረች አላነሳችም። አፋር፣ ዳሎል ድረስ ሄዳ፣ ሴቶችን ቀይና ሰማያዊ ልብስ አልብሳ፣ ፊታቸውን ቀለም ቀብታ፣ ራሷ ያሰበችውን ሥዕል ነው ያቆመችው። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ያያችሁት እንደሆነ "ይሄ ምንድን ነው?" ትላላችሁ። አንዳንዶቻችንም ብለናል። ግን ልብ በሉ፤ እነዚያ ሴቶች ሥራቸው መሆኑን አውቀው የቆሙ ናቸው፣ የማንም እናት ችግር ግድግዳ ላይ አልተሰቀለም፣ መልእክቱ ግን ደርሷል። የውኃን ነገር ለመናገር የግድ የአንዲትን ምስኪን ፊት መስረቅ አያስፈልግም።

ከሁሉ በላይ ግን ለኛ የሚቀርቡት ካሜራ ሳያነሱ የሠሩት ናቸው። ደቡብ አፍሪካዊው ሳንቱ ሞፎኬንግ የጥቁር ቤተሰቦችን የድሮ ፎቶዎች ከየቤቱ እየፈለገ ሰበሰበ፤ ከ1890 እስከ 1950 የተነሱ ናቸው። ኮት የለበሱ አባቶች፣ ባርኔጣ ያደረጉ እናቶች፣ እጃቸው ላይ መጽሐፍ። የነጮቹ መንግሥት ጥቁርን እንደ ኋላ ቀር ሲያሳይ እነዚህ ሰዎች ራሳቸው ከፍለው፣ ራሳቸው መርጠው የተነሱት ፎቶ በሣጥን ውስጥ ነበር። ሞፎኬንግ ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን እየጠየቀ የማን እንደሆኑ መዘገበ። ለአንዳንዶቹ ስም ተገኘ። ለአንዳንዶቹ ዘግይቶ ነበር፤ የሚያውቃቸው ሰው ሞቷል። ስለዚህ በሥራው ውስጥ "እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው?" የሚል ጥያቄ ጽፎ አስቀመጠ። ይህን ጥያቄ ስናነብ የታሰበን የናንተ ሣጥን ነው።

ሱዛን ማይዝለስም እንዲሁ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኢራቅ ውስጥ የተገደሉ ኩርዶችን የጅምላ መቃብር ልታነሳ ሄደች። ከዚያ ግን ይህ ሕዝብ አገር የለው፣ የመንግሥት መዝገብ ቤት የለው፣ ፎቶው የት ነው ያለው ብላ ጠየቀች። ከቤተሰብ እጅ፣ ከድሮ ሚስዮናውያን፣ ከወታደሮች ሰበሰበችና በ1997 ትልቅ መጽሐፍ አወጣች። በኋላ በኢንተርኔት ገጽ ከፍታ "ይህን ሰው የሚያውቅ አለ?" እያለች በየአገሩ የተበተኑትን ኩርዶች መጠየቅ ጀመረች።

በሌላ በኩል የሚያስደነግጠን አንድ ሥራ አለ። ዙን ሊ የተባለ ፎቶ አንሺ በ2012 ዲትሮይት ከተማ መንገድ ላይ የተጣሉ ፖላሮይድ ፎቶዎች አገኘ፤ የጥቁር አሜሪካውያን ቤተሰብ ፎቶዎች። ልደት፣ ሠርግ፣ አባት ልጁን አቅፎ። ከዚያ በኋላ ከየቦታው መሰብሰብ ቀጠለ፤ ከ3,500 በላይ ደረሱ፤ በ2018 አንድ የቶሮንቶ ሙዚየም ወሰዳቸው። ደስ የሚል ፎቶ ነው ሁሉም፣ ፍቅር ያለበት። ግን አብዛኛው ስም የለውም። ቤተሰቡ ራሱ ያነሳው ፎቶ እንኳ ከጀርባው ካልተጻፈበት የማያውቁት ሰው ፎቶ ይሆናል ማለት ነው። አያቶች ሲያርፉ፣ ልጆች ቤቱን በችኮላ ለአከራዩ ሲያስረክቡ፣ ሣጥኑ የት እንደሚሄድ እኛ በሥራችን ስንቴ አይተናል። ቆሻሻ መጣያው አጠገብ ነው።

አሁን የራሳችንን ነገር እዩ። በእግር ወደ ሱዳን የወጣው ብዙ ቤተሰብ ፎቶ ይዞ አልወጣም፤ ማንነትን የሚያጋልጥ ነገር ይዞ መሄድ አደጋ ነበር። በመንገድና በካምፕ የቀሩት ወገኖቻችን ወደ 4,000 ይገመታሉ፤ የብዙዎቹ ፊት ያለው በናንተ ዐይን ውስጥ ብቻ ነው። ከዚያ በግንቦት 1991 ዘመቻ ሰሎሞን መጣ፤ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው። የዚያን ቀን ፎቶዎች ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ፦ ወንበር የሌለው አውሮፕላን፣ ወለሉ ላይ የተቀመጠ ሕዝብ፣ ግንባሩ ላይ ቁጥር የተለጠፈበት ሕፃን። በየዓመቱ ጋዜጣው ያወጣቸዋል። ከሥሩ ምን ይጻፋል? "ከኢትዮጵያ የመጡ ዖሊም።" ቁጥሩ ይታያል፣ ስሙ የለም።

አንድ ቀን ከነዚህ ፎቶዎች አንዱን በስልክ ለአንድ አባት አሳየናቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ዝም አሉ፣ ከዚያ፣ "ይቺ እኮ የእህቴ ልጅ ናት፤ ያዘለቻት ደግሞ የጎረቤታችን ልጅ፤ እናቷ ከኋላ ባለው አውሮፕላን ነው የመጣች" አሉ። አንድ ደቂቃ አልፈጀም። የመንግሥት መዝገብ ቤት በ30 ዓመት ያላደረገውን። እኚህ አባት 84 ዓመታቸው ነው።

ከዚያም በፊት የተነሱ አሉ። ዣክ ፋይትሎቪች ከ1904 ጀምሮ አገራችን እየሄደ የሰበሰበው ቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጧል። እዚያ ካሉት ፊቶች ውስጥ የማናችን ቅድመ አያት እንዳለ ማን ያውቃል? በመልክ እንኳ የሚገምት ሰው ካለ እናንተ ናችሁ።

ለወጣቶቹ አንድ ነገር እንበል። ቁጣችሁ ይገባናል፤ ከቦታው ነው የመጣው። ግን ካሜራን ሁሉ ብታባርሩ ከ50 ዓመት በኋላ ልጆቻችሁ የሚያዩት ምን ይሆን? በሲግድ ቀን እየሩሳሌም ላይ ከቄሶቹ ፊት ለፊት የሚጋፉትን ካሜራዎች ቁጠሯቸው። ከነሱ ውስጥ የኛ ልጆች የያዙት ስንት ነው? ጃንጥላው ሥር የቆሙትን ቄስ በስም የሚያውቅ፣ ጸሎት ላይ ሲሆኑ ካሜራውን ዝቅ የሚያደርግ ልጅ ያስፈልገናል።

ወደ ቶፌሱ እንመለስ፤ ዋናው እሱ ነው። በዚህ አገር ከ1981 ጀምሮ የግላዊነት ጥበቃ ሕግ አለ። ሰውን በሚያዋርድ ሁኔታ ፎቶውን ማተም፣ ወይም ያለ ፈቃዱ በስሙና በመልኩ ለትርፍ መጠቀም በዚህ ሕግ ክልክል ነው። ስለዚህ ነው ቶፌሱ የሚመጣው! ፊርማችሁ ፈቃድ ነው። ፈርማችሁ ስትሰጡ ሕጉ የሰጣችሁን ጋሻ በእጃችሁ ታስረክባላችሁ። "ፈርሚ እማማ፣ ፎርማሊቲ ነው" ሲባል ፎርማሊቲ አይደለም።

እኛ የምንለው ይህ ነው። ከመፈረም በፊት ቶፌሱ በአማርኛ ወይም በትግርኛ ይነበብ፣ ልጅ ወይም የምታምኑት ሰው ባለበት። ስማችሁ ሙሉውን ይጻፍ፤ እሱም አየር ማረፊያ ላይ ጸሐፊ የሰጣችሁ ስም ሳይሆን እናትና አባታችሁ የጠሯችሁ፣ ከፈለጋችሁም የመንደራችሁ ስም ጭምር። ስሙ እንዳይወጣ የምትፈልጉ ደግሞ "ስሟን መግለጽ አልፈለገችም" ይባል፤ ያ ምርጫ ነው፣ "ኢትዮጵያዊት ሴት፣ ቁጥር 7" ግን ምርጫ አይደለም። የታተመ ፎቶ በእጃችሁ ይግባ፣ በስልክ የተላከ ሳይሆን ግድግዳ ላይ የሚሰቀል። ሳይሰቀል በፊት የትኛው እንደተመረጠ እዩት፤ ካላማራችሁ እምቢ በሉ። የሚሸጥ ከሆነ ድርሻ ጠይቁ። ማፈር የለም፤ ፊታችሁ ነው።

"እንዲህ ካልን ማንም አይመጣም" ትሉ ይሆናል። ጎልድበርግም መጥቷል፣ ፋዛል ሼክም መጥቷል። ይህን ሰምቶ የሚቀር ካለ ቡናውን ለራሳችን እንጠጣዋለን።

በቤታችሁ ስላሉት የድሮ ፎቶዎች ደግሞ ሁለት ቃል። ከጀርባው ስትጽፉ በእስክሪብቶ አይሁን፤ ቀለሙ ወደ ፊት ይዘልቃል። በለስላሳ እርሳስ፣ ሳትጫኑ፣ ጠርዙ ላይ ጻፉ፦ ማን ነው፣ የማን ልጅ ነው፣ የት፣ ገደማውን መቼ። የሚያብረቀርቅ ወረቀትና ፖላሮይድ እርሳስ አይቀበልም፤ ለሱ ኤንቬሎፕ ላይ ጽፋችሁ ውስጡ አስቀምጡት። መጻፍ የማይችሉ ወላጆች ካሉ የልጅ ልጅ ስልኩን ከፍቶ ድምፃቸውን ይቅዳ፤ ፎቶውን እያሳየ "ይሄስ ማነው?" ብሎ ብቻ ይጠይቅ፣ ሌላውን እነሱ ይጨርሱታል።

የፎቶ ቶፌስ ከመጣባችሁ ደግሞ "ነገ እመልሳለሁ" በሉና ቶፌሱን በስልክ አንስታችሁ በገጹ የግል መልእክት ላኩልን። በአማርኛ አንብበን በድምፅ እንመልስላችኋለን፣ ገንዘብ የለውም።